ተሳቢው፣ መንጃ ፈቃዴና ስምንት በርሜል ውሃ

ስለ ራሴ መጻፍ አልወድም። ነገር ግን ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢጽፈው ለእኔ አዝኖ ያለሳልሰዋል። ስለዚህ ራሴ ጻፍኩት።

ስሜ ጥሩነሽ ነው። ይህ ሲሆን ሰባ አራት ዓመቴ ነበር። ለንደን ከገባሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። ባለቤቴ አሰፋ በሕይወት ሳለ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ ሻንጣና ብርድ ልብስ እንሸጥ ነበር። ዕቃችንን የምናመላልሰው በመኪናችን ኋላ በምትጎተት ተሳቢ ነው። አሰፋ የመንጃ ፈተና አራት ጊዜ ወድቆ ተስፋ ስለ ቆረጠ የምነዳው እኔ ነበርኩ። እሱ ከአጠገቤ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ያጎርሰኛል። እንዲህ አድርገን አሥራ ስምንት ዓመት ኖርን።

መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ነው። ይህ ዓመት ኋላ ላይ ትልቅ ነገር ሆነ። በዚህ አገር ከ1997 በፊት የመኪና ፈተና ያለፈ ሰው ከባድ ተሳቢ መጎተት ይፈቀድለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለፈ ግን፣ በጥቅሉ፣ ከሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ ለመጎተት ሌላ ፈተና መፈተን ነበረበት።

ቤተ ክርስቲያናችን የራሱ ሕንፃ የለውም። እሑድ እሑድ ሃርልስደን ውስጥ አዳራሽ እንከራያለን። ድምፅ ማጉያው፣ ወንበሩ፣ ድንኳኑ፣ ተጣጥፎ የሚገባው የጥምቀት ገንዳ ሳይቀር የሚኖረው በአንዲት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ውስጥ ነው። ተሳቢዋ ስትገዛ ማን መጎተት ይችላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከጉባኤው ሁሉ የቆየ መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። እኔ አልዘምርም። በጸሎት ስብሰባ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። አሰፋ ከሞተ በኋላ ከአምልኮ ወጥቼ ቀጥታ ወደ ቤቴ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ተሳቢዋን ከያዝኩ ወዲህ ግን የማይጠራኝ አልነበረም። «እትዬ ጥሩነሽን ጠይቁ»፣ «ያለ እትዬ ጥሩነሽ አይሆንም»። ልጆቹ ሳይቀሩ «የትሬለሯ እትዬ» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ በታኅሣሥ 2021 ሕጉ ተለወጠ። ተጨማሪው ፈተና ቀረ፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ እስከ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ መጎተት ቻለ። ይህን ያወቅሁት ሰባ ዓመት ሲሞላኝ መንጃ ፈቃዴን ለማደስ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገጹን ዘጋሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

የሚጠይቀኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ዝምታዬ ቀላል በሆነ ነበር። ግን ሂሩት ጠየቀችኝ። ሂሩት በዚያን ጊዜ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ፈተናዋን ያለፈችው ከ1997 በኋላ ነው። አንድ እሑድ ወንበር ስንጭን፣ «እትዬ፣ እኔ አሥራ ሁለት ቶን አውቶቡስ በብሪክስተን ጠባብ መንገድ እያሽከረከርኩ ይህችን ሳጥን መጎተት አትችይም መባሌ አያስቅም? ለትሬለሩ ፈተና ልመዝገብ እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ እያለሁ ምን አስቸኮለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «እሺ፣ ሥልጣንዎን አልነካም» አለች።

ፈተናው ከቀረ አንድ ዓመት አልፎት ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ቅዳሜ ነበር፤ የበጋው ጉባኤያችን በኦክስፎርድ አቅጣጫ በተከራየነው ሜዳ ላይ የሚጀመርበት ቀን። እማማ በላይነሽ በዚያ ቀን ሊጠመቁ ነው። እሳቸው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ካመኑ ብዙ ዓመታቸው፤ ጥምቀቱን ግን በየዓመቱ «ውሃው ይበርዳል» እያሉ ያስተላልፉታል። በሜዳው ላይ ያለው አንድ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆነው ወንድም መኮንን፣ «እማማ፣ ውሃውን አሞቅልዎታለሁ፤ ምክንያት አይኖርዎትም» ብሎ ቃል ገባላቸው።

ጠዋት እማማን ለማምጣት ብሪክስተን ሄድኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስመለስ አንድ ሰዓት ያህል ዘገየሁ። ተሳቢዋ በአዳራሹ ግቢ ተጭና፣ በሯ ተቆልፎ ቆማለች። እኔ ሳላይ ተጭና አታውቅም።

«ምን ምን ጫናችሁ?» አልኩት ወንድም መኮንንን።

ወረቀት አወጣ። ጠንቃቃ ሰው ነው። «ወንበር፣ ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ገንዳ፣ ምንጣፍ። እያንዳንዱን ደምሬዋለሁ፤ ከነተሳቢዋ አንድ ሺህ አንድ መቶ ኪሎ። የሚፈቀደው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ነው። አይስጉ።»

በሩን ክፈቱት ልል ነበር። ሰዓቱን አየሁና ተውኩት።

የተሳቢዋን አፍንጫ ከመኪናዬ መጎተቻ ጋር ለመግጠም ወደ ላይ ሳነሳው ከወትሮው ቀለለኝ። ከዓመት በፊት ጀምሮ ትከሻዬን ስለሚያመኝ ደስ አለኝ። ተሳቢ የሚያውቅ ሰው በዚያ ደስ አይለውም። አፍንጫው ቀለለ ማለት ክብደቱ ወደ ጭራው ሄዷል ማለት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ዕቃ ያመላለስኩ ሴት ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ አውቀውም ነበር። ግን ትከሻዬን ሰማሁት።

ተነሳን። ሂሩት ከፊት ከአጠገቤ፣ እማማ በላይነሽና ወንድም መኮንን ከኋላ ተቀመጡ። የቀሩት ቀድመው ሄደዋል። እማማ ከብሪክስተን ጀምሮ አፋቸው አላረፈም።

«መኮንን፣ ውሃው ካልሞቀ ከገንዳው ዳር እመለሳለሁ፣ አልኩህ።»

«ይሞቃል እማማ።»

«ባለፈው ዓመት ያቺ ልጅ ከውሃው ስትወጣ ከንፈሯ እንደ ጠንቋይ ድመት ጠቁሮ ነበር።»

«እማማ፣ ጠንቋይ ድመት የት አይተው ያውቃሉ?» አለች ሂሩት።

«አንቺ ዝም ብለሽ መንገድ እዪ።»

«የሚነዱት እትዬ ናቸው፤ እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምሄደው። ሕጉ አይፈቅድልኝም።»

ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም።

ከለንደን ወጥተን ሞተርዌይ የሚባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ገባን። በሰዓት ሃምሳ አምስት ማይል እሄዳለሁ፤ ተሳቢ ለሚጎትት ስልሳ ነው የሚፈቀደው። መንገዱ ለጥ ያለ ሳለ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ መንገዱ አንድ ነጭ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሰንጥቆ ቁልቁል ወደሚወርድበት ቦታ ደረስን። ቁልቁለቱን ስንጀምር መሪው በእጄ ላይ ትንሽ ቀለለ። በመስታወት አየሁ። ተሳቢዋ ወደ ግራ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ወደ ቀኝ ሄደች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሰፋ። ሦስተኛው የመኪናውን ኋላ አብሮ ወሰደው።

«ፍሬን!» አለች ሂሩት። «እትዬ፣ ፍሬን!»

ፍሬን አልያዝኩም። በዚህ ጊዜ ፍሬን ከያዙ ተሳቢዋ መኪናውን ቀድማ ትዞራለች። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፤ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም። ምንም አለማድረግ እንዲህ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከቀኛችን ትልቅ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ወንድም መኮንን «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ይላል። እማማ በላይነሽ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ጥሩዬ፣ ማን ነው ከኋላ የሚጎትተን?» አሉኝ።

«ማንም አይደለም እማማ።»

ሃምሳ፣ አርባ አምስት፣ አርባ። መወዛወዟ እየጠበበ መጣ፤ ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ። የአደጋ መብራት አበራሁና በግራ በኩል ቀስ ብዬ ቀጠልኩ።  ቁልቁለቱን እንደ ጨረስን አንድ ቢጫና ሰማያዊ የተቀባ መኪና ከኋላችን መጥቶ ቀደመን፤ ከኋላው «ተከተሉኝ» የሚል ጽሑፍ በራ። የመንገድ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። በሚቀጥለው መውጫ ወጥተን ተሽከርካሪ የሚመዘንበት ግቢ ውስጥ ገባን።

ተቆጣጣሪው ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ትሑት ሰው ነበር። ተሳቢዋ ስትወዛወዝ በካሜራ እንዳዩን ነገረኝ። መንጃ ፈቃዴን ተቀበለ። የተሳቢዋን ታርጋ ከመኪናው ጋር አስተያየ። የመኪናውን በር ከፍቶ ክብደት የተጻፈበትን ምልክት አነበበ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ አስወጣን።

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ» አለ። «ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ትርፍ አለው። በሩን ትከፍቱልኛላችሁ?»

በሩ ሲከፈት አየሁት። ከበሩ ሥር፣ በጭራው ላይ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ስምንት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ተደርድረዋል።

«ምንድን ነው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ውሃ» አለ ወንድም መኮንን በእንግሊዝኛ።

«ውሃ የትም ይገኛል እኮ።»

«ሙቅ አይገኝም» አልኩት።

ወንድም መኮንን ከማለዳ ጀምሮ በአዳራሹ ኩሽና ሲያፈላ ነበር። በቅርብ ያሉት ቤተሰቦችም በድግስ ድስት እያፈሉ አመጡለት። በርሜሎቹ የመጡት መጨረሻ ስለሆነ መጨረሻ ተጫኑ፤ ስለዚህ ከበሩ ሥር ቀሩ።

«ወንድም መኮንን፣ ወረቀትዎ ላይ ውሃ የለም» አልኩት።

«ውሃ ደግሞ ጭነት ነው እንዴ እትዬ?» አለኝ። የተናገረውን መልሶ ራሱ ሲሰማው ፊቱ ተለወጠ።

«አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። በርሜሉ ስልሳ ሊትር ይይዛል።»

«አራት መቶ ሰማንያ» አለ ቀስ ብሎ። «ስድስተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። ግን እኔ ለጥምቀት ነው የያዝኩት፤ ዕቃ ነው ብዬ አላሰብኩም።»

ተቆጣጣሪው ክብደቱ እስኪቀንስ ድረስ ተሳቢዋ ከግቢው እንደማትወጣ የሚገልጽ ወረቀት መጻፍ ጀመረ። ሂሩት ነገሩ እንዲገባው ብላ ይመስለኛል፣ ወደ ፊት ቀረብ አለች። «ጌታዬ፣ እሳቸውን አይቅጧቸው፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ሲጫን አልነበሩም። እኔ ልነዳ እችል ነበር፤ ግን መንጃ ፈቃዴ አዲስ ስለሆነ ተሳቢ አይፈቅድልኝም። ከእኛ ውስጥ የሚፈቀድላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ተቆጣጣሪው ቀና ብሎ አያት። «የመኪና መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«የአውቶቡስም አለኝ።»

«እንግዲያው ይፈቀድልሻል። ያ ሕግ ከቀረ ቆየ፤ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ተጨማሪ ፈተና የለም። ክብደቱን ነው መጠበቅ ያለባችሁ።» ይህን ብሎ ወደ መጻፉ ተመለሰ።

ሂሩት ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ገና ቁጣ አልነበረም፤ አዲስ ወሬ ይዛ የመጣች ሰው ትመስል ነበር። «እትዬ፣ ሰሙ? እንደዚህ ከሆነ እኮ...»

ወንድም መኮንን ቸር ሰው ነው። ወዲያው የማምለጫ በር ከፈተልኝ። «እሳቸው የት ያውቃሉ? እኛስ ማናችን አወቅን? የዚህ አገር ሕግ በየጊዜው ይለዋወጣል።»

ዝም ብዬ ራሴን ብነቀንቅ ያልቅ ነበር። ማንም አይጠረጥረኝም። ሂሩት ራሷ ታዝንልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እሷ ትነዳለች፤ እኔም ሕግ ሳላውቅ ለዓመታት የደከምኩ አሮጊት ሆኜ በክብር እሰናበታለሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ታየኝ። መልካም መሰናበቻ ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

«ምኑን?» አለች ሂሩት።

«ሕጉ መለወጡን። ሰባ ዓመት ሲሞላኝ ሪኒው ሳደርግ አንብቤዋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት።»

«ስጠይቅዎትስ?»

«ስትጠይቂኝም አውቅ ነበር።»

 «ለምን?» አለች።

«ካንቺ እጅ ከገባች እኔን የሚፈልገኝ አይኖርም ብዬ ነው።»

ወንድም መኮንን ወደ መሬት አየ። ሂሩት ሄዳ የመጀመሪያውን በርሜል መጎተት ጀመረች።

አምስት በርሜል መደፋት ነበረበት። ለማን እንደተሞቀ ታውቃላችሁ። ወደ እማማ በላይነሽ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ውሃው እንደማይበቃ፣ ከፈለጉ ጥምቀቱን ለሌላ ዓመት ማስተላለፍ እንደሚችሉ።

እማማ በርሜሎቹን ተመለከቱ። «እኔን ለማስጠመቅ ነው አራት ሰው ሊሞት የነበረው?»

«አልሞትንም እማማ።»

«ለሌላ ዓመት አላስተላልፍም። ከእንግዲህስ በበረዶም ቢሆን እገባለሁ።» ከዚያ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። «ግን ዝም ብሎ አስፋልት ላይ ከሚደፋ እግሬን ልታጠብበት። ወንበር አምጡልኝ፤ ሙሉ ተሳቢ ወንበር አይደል የያዝነው?»

ወንበር ዘርግተን አስቀመጥናቸው። ወንድም መኮንን የውሃውን ሙቀት በእጁ እየለካ በቀስታ እግራቸው ላይ አፈሰሰላቸው። እንፋሎቱ ከአስፋልቱ ተነሳ። ተቆጣጣሪው አየና ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ፤ እስኪጨርሱም አላስቸኮለን። እማማ «እንዲህ ያለ ፖሊስ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አሉ። ፖሊስ እንዳልሆነ ማንም አልነገራቸውም።

ከዚያ የቀረውን ሁሉ አውርደን እንደገና ጫንን። ይህን ጊዜ አፌን ከፍቼ ጫንኩ። ከዚያ በፊት ብቻዬን አስተካክል ነበር፤ ሰው ሲጠይቀኝ «ተዉት፣ እኔ አውቀዋለሁ» ነበር መልሴ። አሁን ለሂሩት እያንዳንዱን ነገርኳት። ከባዱ ከጎማዎቹ በላይ ይሆናል። ቀላሉ ወደ ዳርና ወደ ላይ። አፍንጫዋ መጎተቻውን ትንሽ መጫን አለባት፤ ብዙም አይደለም፣ ትንሽ። ስታነሺያት ከቀለለችሽ አትንጂ። ይህች ሽቦ ተሳቢዋ ብትላቀቅ ፍሬኗን የምትይዝ ናት፤ ሁልጊዜ ከመኪናው ጋር እሰሪያት። መብራቱን ቼክ የሚያደርግ ሰው ከኋላ ይቁም። ሂሩት ታዳምጣለች፤ ታደርጋለች፤ አትናገርም።

ሚዛኑ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ አለ። ተቆጣጣሪው ለቀቀን። ቁልፉን ለሂሩት ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። በዕድሜዬ ያቺ ተሳቢ ስትጎተት ከጎን ወንበር ተቀምጬ የሄድኩት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ተሳቢዋን ወደ ኋላ ወደ ድንኳኑ ቦታ ማስገባት ነበረባት። አውቶቡስና ተሳቢ አይገናኙም። መሪውን ወደ ግራ ስታዞር ተሳቢዋ ወደ ቀኝ ትሄድባታለች። ሦስት ጊዜ ተጣጠፈችባት። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያያል፤ «እትዬ ጥሩነሽ ይንዱት እንጂ!» የሚል ድምፅም ሰማሁ። ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። በመጨረሻ ሂሩት ከግቢው ከወጣን ጀምሮ የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረች።

«ምን ላድርግ?»

«መሪውን ከታች በኩል ያዢው። እጅሽን ወደምትወስጂበት ተሳቢዋ ትከተልሻለች።»

ከታች ያዘችው። ቀስ ብላ ገባች።

እማማ በላይነሽ ከሰዓት በኋላ ተጠመቁ። ሦስቱ በርሜል ከቧንቧው ውሃ ጋር ተደባልቆ ለብ ያለ እንኳ ለማለት የሚያስቸግር ነበር። ከውሃው ሲወጡ መጀመሪያ የተናገሩት «መኮንን፣ ዋሽተኸኛል!» የሚል ነው። ጉባኤው ሳቀ፣ እልል አለ፣ አለቀሰ። እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ ብዬ መጋቢውን ጠየቅሁ። በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ያደረግሁትን ተናገርኩ። መጋቢው ስንት ዓመት እንዳገለገልኩ መዘርዘር ሲጀምር «እባክዎ ይተዉት» አልኩት። ሂሩት በኋላ መጥታ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ። ግን ገና ቅር ይለኛል፤ ልደብቅዎት አልፈልግም» አለችኝ። «ቅር ይበልሽ፤ ይገባል» አልኳት። ሰው እንዲህ በግልጽ ሲነግረኝ ደስ ይለኛል።

አንባቢዎቼ፣ ተሳቢ የምትጎትቱ ካላችሁ ሕጉን ከሰው አትስሙ፤ ራሳችሁ አንብቡ። የመኪናችሁን ክብደት የሚናገረው ጽሑፍ በር ሥር ተለጥፎ ይገኛል፤ የተሳቢዋም አፍንጫዋ አካባቢ። የምትጭኑትን ሁሉ ደምሩ፤ የሚፈሰውንም። ለሌላው ነገር ግን የሚለጠፍ ጽሑፍ የለም። እኔ ሕጉ ቦታዬን የሚጠብቅልኝ መስሎኝ ነበር። ሕጉ ሲሄድ በዝምታዬ ተካሁት። በዚያ ሁሉ ጊዜ የማውቀውን ለአንድ ሰው እንኳ አላስተማርኩም፤ ስለዚህ እኔ የዘገየሁበት አንድ ማለዳ አራታችንንም ሊያጠፋን ነበር። ክብደትን በማይገባው ቦታ ያስቀመጠው ወንድም መኮንን ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት እሑድ እሑድ መጥቼ ከኋላ ወንበር እቀመጥ ነበር። ተሳቢዋ ያለ እኔ ትመጣለች፣ ያለ እኔ ትሄዳለች። የፈራሁት ነገር እንደ ደረሰ አውቄ ተቀብዬው ነበር። ከዚያ በኅዳር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሂሩት ነች።

«እትዬ፣ ወደ አዲሱ አዳራሽ እየተዛወርን ነው፤ የምንጭነው ብዙ ነው። ይምጡና ይዩልኝ።»

«ትችይዋለሽ እኮ» አልኳት።

«እችላለሁ። ይምጡ ብያለሁ።»

ኮቴን ለበስኩና ወጣሁ።